የነሐሴ ማዕድ፤ ወደ ጫጫ ያደረግነው ጉዞ

የሀገራችን ክረምት ሲገባ ደስ ያሰኛል፤ ሲያጋምስ ይለመዳል፤ ሊወጣ ሲል ግን ያሰለቻል። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን የሚቈይ ሲሆን፣ ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ለቤት እመቤት የሚከብዳት ነሐሴ ነው። እንጨቱ ርሶ አይነድም፤ ጭሱ ዐይን ያስለቅሳል፤ የታጠበው ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፤ በበጋ ፀሐይ ደርቆ የተፈጨው ሽሮና በርበሬም ወደ ማለቁ ይቃረባል። በገጠርም ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራው ታች ሲደርስ፣ አዲሱ ገና በማሳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ዐይን የሚያየው እህል አለ፤ እጅ የሚያፍሰው ግን የለም።

ጾመ ፍልሰታም የሚውለው በዚሁ ወር ከ1 እስከ 15 ቀን ነው። ይህ ጾም የእመቤታችን ጾም በመሆኑ ሕፃናት ሳይቀሩ በፍቅር ይጾሙታል። ነገር ግን ብርዱና ዝናቡ፣ የጎተራው መጉደልና የጾሙ ወራት በአንድ ላይ ሲገጥሙ፣ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ዛሬ ደግሞ ምን እንሥራ?» የሚለው ነው። ስለዚህ ጥያቄ በ2011 ዓ.ም. ያደረግነውን አጭር ጉዞና ከዚያ ይዘነው የተመለስነውን ትምህርት ለውድ አንባብያን ልናካፍል ወደድን።

በዚያ ዓመት ጾሙ በገባ በሰባተኛው ቀን፣ የስምንት ዓመት ልጃችን ከማዕድ ቀርቦ ሳህኑን ተመለከተና፣ «ጾም ማለት ሽሮ ማለት ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀን። መጀመሪያ ሳቅን፤ ቈይቶ ግን ዐፈርን። እውነቱን ለመናገር ጾሙ ከገባ ጀምሮ ከሱቅ የተገዛ እንጀራና በችኰላ የተሠራ ሽሮ ከማቅረብ በቀር ያደረግነው አልነበረም። ሽሮ የተከበረ ምግብ ነው፤ ጥፋቱም የሽሮው አይደለም። ጥፋቱ እኛ ለልጃችን ጾምን የምናሳየው ከማዕዱ ላይ ነገርን በመቀነስ ብቻ መሆኑ ነበር። ልጁም ባየው መጠን በትክክል ፈረደ።

ከጫጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር የምትኖር አንዲት አረጋዊት አክስት አለችን። ሁላችንም የምንጠራቸው «እትዬ» እያልን ስለ ሆነ በዚህም ጽሑፍ እንዲሁ እንጠራቸዋለን። እትዬ ከሰኔ ጀምሮ፣ «ዐይኔን ሞራ እየጋረደው ነው፤ የአያታችሁን ሙያ የምትፈልጉ ከሆነ እጄ ሳይከዳኝ ኑ» እያሉ በስልክ ይልኩብን ነበር። እኛም ዛሬ ነገ ስንል ቈይተን ነበር። የልጃችን ጥያቄ ግን ከተቀመጥንበት አስነሣን።

ቅዳሜ ነሐሴ 11 ቀን በማለዳ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈርን። የደሴው መንገድ ለገጣፎንና ሰንዳፋን አልፎ፣ በአለልቱና በሸኖ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወጣል። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ብርዱም አብሮ ይጨምራል። ሸኖ ስንደርስ ጉሙ በመንገዱ ላይ ተኝቶ ስለ ነበር፣ ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳ ጀመር። ሸኖ በለጋ ቅቤው ስሙ በሀገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ወራቱ ግን ጾም ስለ ነበረ፣ «በመመለሻችን ያገናኘን» ብለን አልፈነው ሄድን።

ከሸኖ በኋላ ጉሙ ሲገፈፍ፣ በግራም በቀኝም የተዘረጋው ሜዳ የገብስና የስንዴ፣ የባቄላና የአተር ማሳ ነበር። ባቄላው ጥቁር ነጥብ ያለበትን ነጭ አበባውን አውጥቷል። ገብሱ ነፋስ ሲመታው እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል። በዚያ ልምላሜ መካከል የሚኖር ሰው ይራባል ብሎ ማን ያስባል? ነገር ግን ያ ሁሉ ልምላሜ እህል ሆኖ ወደ ቤት የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለውን ጊዜ የሚያሻግረው የቤት እመቤቲቱ ብልኃት ነው።

ጫጫ ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ወደፊት ለሚቀጥል መንገደኛ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የመሠረቷት ደብረ ብርሃን ቅርብ ናት። ዐፄ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላም ያለችው በዚሁ በጫጫ አካባቢ ነው። የተወለዱበትም ቀን ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ እኛ የደረስነው በልደታቸው ዋዜማ ነበር። ይህንን ለልጃችን ብንነግረው፣ «እሳቸውም በልጅነታቸው በዚህ ብርድ ይጾሙ ነበር?» አለን። «ይጾሙ እንደ ነበር አንጠራጠርም፤ ብርዱ ግን ያው ነው» ብለን ነጠላውን በራሱ ላይ አከናነብነው።

ከከተማው እስከ እትዬ ቤት ያለውን መንገድ በጭቃ ውስጥ በእግራችን ሄድን። እትዬ ከደጃፍ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ፊታችንን በእጃቸው ዳስሰው ማን ማን እንደ ሆንን ከለዩ በኋላ፣ «እንኳን በደኅና መጣችሁ ልጆቼ፤ ይህ ሕፃን እግሩ ረጥቧል» ብለው በድስት የሞቀ ውኃ አስመጥተው እግሩን ራሳቸው አጠቡት። ቤቱ በድንጋይ የተሠራ ነው። በመካከሉ ሦስት ጉልቻ ላይ የኩበት እሳት ይነዳል። የኩበት እሳት ነበልባሉ ትንሽ፣ ሙቀቱ ግን ረጅም ነው፤ እንጨት በማይነድበት በነሐሴ ያንን ሀገር የሚያኖረው እርሱ ነው።

ትምህርታችን በዚያው ዕለት ተጀመረ። ደብተርና አንድ የሻይ ብርጭቆ ይዘን መጥተን ነበር። የእትዬ መለኪያ እፍኝና ቁንጥር ስለ ሆነ፣ እሳቸው በእጃቸው ያፈሱትን ሁሉ እኛ በብርጭቆ እየሰፈርን እንጽፍ ነበር። እትዬም፣ «እጄን በብርጭቆ ልትለኩት መጣችሁ?» እያሉ ይስቁብን ነበር። ሆኖም አልከለከሉንም።

መጀመሪያ ያሳዩን የሱፍ ፍትፍት ነው። ሁለት ብርጭቆ ሱፍ ታጥቦና ተንጠፍጥፎ በምጣድ ላይ ለስለስ ባለ እሳት ጥቂት ይታመሳል፤ እንዲሞቅና እንዲሰባበር እንጂ እንዲያር አይደለም። ከዚያ በሙቀጫ ተወቅጦ በስምንት ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ይዘፈዘፋል። ጥቂት ከቈየ በኋላ በእጅ ታሽቶ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሲጠለል፣ እንደ ወተት ያለ ነጭ ውኃ ይወጣዋል። በዚህ ላይ ጨው፣ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ተጨምሮ፣ አራት እንጀራ በትንንሹ ተቈርሶ ይፈተፈትበታል። ልጃችን አንድ ጊዜ ቀምሶ፣ «ወተት ነው፤ ጾም አይደለም ወይ?» ብሎ ደነገጠ። የሱፍ ወተት መሆኑን ሲረዳ ግን ሳህኑን ጨርሶ ተነሣ።

በዚያ ምሽት እትዬ ለቡሄ የሚሆነውን ሊጥ አቦኩ። ስድስት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ሁለት ብርጭቆ የገብስ ዱቄት፣ ከቀድሞ ሊጥ የተረፈ አንድ ጭብጥ እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው በለብታ ውኃ ታሽቶ ከእጅ እስኪላቀቅ ድረስ ተለወሰ። በዚያ ደጋ ሊጥ በብርድ ምክንያት ቶሎ አይነሣም። ስለዚህ ዕቃውን በዝተት ጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ አስተኙት። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሊጡ እጥፍ ሆኖ ተነሥቶ አገኘነው። እትዬም በዱቄት በተነካካ መዳፍ እያድበለበሉ፣ መካከሉን ወፈር፣ ጫፍና ጫፉን ቀጠን አድርገው በጋለ ምጣድ ላይ አስቀመጡት፤ ከድነው አበሰሉ፤ ገልብጠውም ሁለተኛውን ገጽ አበሰሉ። ሙልሙሉ መብሰሉ የሚታወቀው ጀርባው በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ነው። ዐይናቸው የደከመው እትዬ ይህንን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ቡሄ የሚባለው የደብረ ታቦር በዓል ጌታችን በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ነው። የሙልሙሉም ነገር እንደሚነገረው፣ ከብርሃኑ የተነሣ ሌሊቱ ቀን የመሰላቸው እረኞች በሜዳ ስለ ዘገዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘውላቸው መውጣታቸውን ለማሰብ ነው። በዋዜማው ምሽት የመንደሩ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮኹ፣ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ፣ እየዘመሩ መጡ። እትዬ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ሙልሙል ሲሰጡ፣ እያንዳንዱን በድምፁ እየለዩ በስሙ ይጠሩት ነበር። ልጃችንም ከእነርሱ ጋራ ወጥቶ በጭቃ ተለውሶ፣ ጉንጩ በብርድ ቀልቶ ሁለት ሙልሙል ይዞ ተመለሰ። ከቡሄ በኋላ ክረምት የለም እያሉ አባቶች የሚናገሩት እውነት መስሎን ያደርንበት ሌሊት ነበር።

ሰኞ ያየነው ስልጆን ነው። ስልጆ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ስለዚህ እትዬ ጾሙ ሲገባ የደፉትን አቀመሱን፤ አሠራሩን ግን ከመጀመሪያው አሳዩን። አንድ ብርጭቆ ሱፍ ቀድሞ እንደ ተነገረው ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በዐሥር ብርጭቆ ውኃ ተጠልሎ ይጣዳል። ሲፈላ አራት ብርጭቆ የደቀቀ የባቄላ ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ እየተነሰነሰ፣ እንዳይጓጕል ሳይቋረጥ ይማሰላል። እንደ ቀጭን ገንፎ ሲሆን እሳቱ ተቀንሶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንተከተካል። ከወረደ በኋላ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከዚያም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ፣ ከተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከጨውና ከአንድ ዘለላ ጤና አዳም ጋራ ይጨመርበታል። በንጹሕ ማሰሮ ተከድኖ፣ በየቀኑ እየተማሰለ ሲሰነብት እርሾው ይመጣል፤ በቈላ በሦስተኛው ቀን፣ በዚያ ብርድ ግን ከአምስት ቀን በኋላ ይደርሳል።

በዚህ ላይ እትዬ አጥብቀው ያሳሰቡን አንድ ነገር አለ፤ ሰናፍጭ ትኩስ ነገር አይወድም። በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ጥቂት ሲያቈዩት ኀይሉ ይነሣል፤ በፈላ ነገር ላይ ሲጨምሩት ግን ይሞታል፤ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ለብዙ ዓመት «የእኛ ሰናፍጭ ለምን አፍንጫ አይነካም?» ስንል የነበርን ሰዎች መልሱን ያገኘነው በዚያ ቀን ነው።

ማክሰኞ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ በዝናብ ርሰን ስንመለስ፣ የቀረበልን አዚፋ ነበር። ከሰዓት በፊት ተቀቅሎ የቀዘቀዘ አራት ብርጭቆ ድፍን ምስር፣ ግማሹ በእንጨት ማንኪያ ተደፍጥጦ ግማሹ እንዳለ ቀርቶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ የሦስት ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ አራት ቃሪያ፣ ጨውና አራት ማንኪያ ዘይት ገብቶበታል። ምግቡ ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን ሰናፍጩ ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ሲያሞቅ ብርዱን አስረሳን። ከአጠገቡ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተሠራ ያበሻ ጎመን ነበረ። ጎመን ክረምቱን ሁሉ ከጓሮ የማይጠፋ የድኻ መከታ ነው። «ጎመን በጤና» ማለታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ረቡዕ የጾሙ መጨረሻ ስለ ነበረ፣ እትዬ ለልጃችን ብለው የሽምብራ ዓሣ ሠሩ። አራት ብርጭቆ የሽምብራ ዱቄት ከጨው፣ ከጥቂት ነጭ አዝሙድና ከሁለት ማንኪያ ዘይት ጋራ በጥቂት ውኃ ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል። ይህንን ሊጥ ዓሣ አስመስሎ መቅረጽ የልጆች ሥራ ነው። ልጃችንም ጅራታቸው የተጣመመ፣ አንዳንዱም ዐይኑ ሦስት የሆነ ዓሣ ሠራ። ዓሣዎቹ በዘይት ከተጠበሱ በኋላ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ በተቍላላ ወጥ ውስጥ ገብተው ጥቂት ተንተከተኩ። የጾም ምግብ ሲሠራ ሕፃን እንዲህ ሲስቅ አይተን አናውቅም።

እስካሁን የጻፍነው ስለ ምግቡ ነው። በእነዚህ ቀኖች ግን ከድስቱ ውጭ ያየነው ነገር ነበረ። የእትዬ ጎታ ከጓዳው ማዕዘን ቆሟል። እትዬ ዐይናቸው ስለ ደከመ የእህሉን ልክ የሚያውቁት ጎታውን በጣታቸው መገጣጠሚያ እያንኳኩ ነው። ከላይ ጀምረው ወደ ታች ሲያንኳኩ ድምፁ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ ይላል። ድምፁ የሚታፈነው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ሲቀር ነበር። አዲሱ እህል እስኪደርስ ደግሞ ከሦስት ወር በላይ ይቀራል።

ከአጥራቸው ማዶ ባሏ ባለፈው ዓመት የሞተባት ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋራ ትኖራለች። የእርሷ ጎታ በሐምሌ ማለቁን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እርሷ ግን አንድም ቀን ከማንም ደጅ ቆማ አልጠየቀችም። በየምሽቱ የሴትዮዋ ትልቋ ልጅ ገል ይዛ እሳት ልትጭር ወደ እትዬ ቤት ትመጣለች። እትዬም ፍሙን በገሉ ላይ ካደረጉላት በኋላ፣ የተከደነ ሳህን በሌላው እጇ ያስይዟታል። ስለ ሳህኑ ማንም አንዲት ቃል አይናገርም። ልጃችን ይህንን ሦስት ምሽት ከተመለከተ በኋላ፣ «ክብሪት የላቸውም እንዴ?» ብሎ እትዬን ጠየቃቸው።

እትዬም፣ «አላቸው፤ ክብሪትማ ማን ያጣል? ሰው ምግብ ሊለምን ሲወጣ ያፍራል፤ እሳት ሊጭር ሲመጣ ግን ማንም አያፍርም። እኔም እሳት የለኝም እንዳልል ምድጃዬን አላጠፋም» አሉት።

«እትዬ፣ ጎታዎ እኮ እያለቀ ነው» ብንላቸው፣ «ያልቃል እንጂ! ለመብላት አይደል የገባው? ጾመን የተውነው ምሳ የት ይሄዳል ብላችሁ ነው? እኔ ከጎታው መልሼ ላኖረው ነውን?» ብለው ወደ ምድጃው ዞሩ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ለተራበ ሰው እንጀራን ማካፈል መሆኑን እንዳስተማረ በዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ ሰምተናል። በምሽት ገልና ሳህን ይዛ በአጥር ሥር ስታልፍ ያየነው ግን በዚያ ጊዜ ነው።

ሐሙስ ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ተፈታ። የፍስኩ ማዕድ ያው የትናንቱ ጎመን ነበረ፤ ቅቤ ገባበት፣ ዐይብ ተጨመረበት እንጂ ሌላ አልተለወጠም። እትዬን ተሰናብተን፣ በሸኖም ቃላችንን ጠብቀን ለጋ ቅቤ ገዝተን፣ ማታ ቤታችን ገባን። ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ስለ ሆነ፣ ከመስቀል በኋላ እትዬን አምጥተን አንደኛውን ዐይናቸውን አሳከምናቸው። ደብተራችንን ገልጠው ስንት ስንት ብርጭቆ እንደ ጻፍን ሲያዩ የሳቁትን ሳቅ አንረሳውም።

ስለዚህ ደብተር ግን አንድ ያልነገርናችሁ ነገር አለ። ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። በዚያች አጭር ወር፣ በአንደኛው የጾም ቀን ከደብተሩ ላይ አዚፋውንና የሱፍ ፍትፍቱን ሠራን። ምግቡ እንደ እትዬ ምግብ ባይሆንም ተመሰገነ። ነገር ግን እኛ ሦስት ሰዎች ጠግበን ስንነሣ ከግማሽ የሚበልጠው ተረፈ። ሰፈራችንን ተሳስተናል ብለን በስልክ ብንጠይቃቸው፣ እትዬ እንዲህ አሉን፦ «አልተሳሳታችሁም፤ እኔ የማውቀው ልክ እርሱ ነው። ከእናቴ የተማርሁት ለአንድ ቤት ብቻ የሚበቃ ድስት መጣድ አልነበረም»።

ሙያውን በብርጭቆ ሰፍረን ስንጽፍ፣ የጎረቤቱን ድርሻ አብረን መጻፋችንን ያወቅነው በዚያ ሰዓት ነው። እኛ በምንኖርበት ሰፈር ደግሞ እሳት የሚጭር ሰው የለም። ስለዚህ ልጃችን አንድ አሳብ አመጣ። ከግቢያችን አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል በኪራይ የምትኖር የልጆች እናት ሙቀጫ አላት፤ እኛ ግን የለንም። ሱፍ መውቀጥ ባሰብን ጊዜ ሁሉ ልጃችን ሄዶ ሙቀጫዋን ይዋሳል። የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ስለ ሆነ፣ ሙቀጫው ሲመለስ የተከደነ ሳህን አብሮት ይሄዳል። እርሷም በበኩሏ ሳህኑን ባዶውን መልሳው አታውቅም፤ አንድ ቀን ቆሎ፣ አንድ ቀን ጥቂት ቃሪያ አለበት።

አንዳንድ ሰው፣ «ጾም መዋረድ ነው፤ የጾምን ምግብ ማጣፈጥ ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። ሆድን ለማስደሰት በጾም ቀን ማዕድን ማብዛት የማይገባ መሆኑን እኛም እናምናለን። ነገር ግን በእትዬ ቤት ያየናቸው ምግቦች ሁሉ ከሱፍ፣ ከባቄላ፣ ከምስር፣ ከሽምብራና ከጓሮ ጎመን የተሠሩ ናቸው፤ ውድ የሆነ አንዳች አልነበረባቸውም። የጨመሩት እጅና ጊዜን ነው። ሕፃን ጾምን የሚወድደው ወላጆቹ በጾም ሰዓት ሲያጉረመርሙ ሳይሆን በደስታ ሲደክሙ በማየቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፍልሰታ ሲገባ የእኛ ልጅ የጠየቀው፣ «ዓሣውን መቼ እንሠራለን? ሙቀጫውንስ ልሂድ?» ብሎ ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ክረምቱ በሚገባደድበት በዚህ ወራት ሁለት ነገር እንድታደርጉ በትሕትና እናሳስባለን። አንደኛው፣ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ በሕይወት ካሉ እጃቸውን በብርጭቆ ስፈሩት፤ ጻፉት፤ ዛሬ ነገ አትበሉ። ሁለተኛው፣ የጻፋችሁት ልክ ከቤታችሁ ሰው በልጦ ቢገኝ አትቀንሱት፤ ይልቁንም የትኛው ደጅ እንደሚጠብቀው ፈልጉ። የሚያሳፍር እንዳይሆንም አንድ ገል ወይም አንድ ሙቀጫ አታጡም።

ልዑል እግዚአብሔር በማሳ ያለውን እህል ከበረዶና ከውርጭ ጠብቆ ለጎተራ ያብቃልን፤ ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ለዘመን መለወጫ ያድርሰን። አሜን።